ቤት ቁጥር አንድ

ነገር ሁሉ የተበላሸው የሠራተኞቹ አዲስ መንደር በተመረቀበት ሐሙስ ነው። ጠዋት የክብር እንግዳው በቤት ቁጥር አንድ በረንዳ ላይ ሪባን ቆረጡ። ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ሙሉ የሚያህለው ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ቤቱን ሊያድል ተነሣ። ማተሚያው ተንጣጣ። ወረቀቱ ሲነበብ ለሥራ አስኪያጁም፣ ለዘበኛውም፣ ለጸሐፊዎቹም፣ ለቀረውም ሠራተኛ በሙሉ የደረሰው ቤት ቁጥር አንድ ነው።

ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ገና ዓመቱ ነበር። የክብር እንግዳው ወረቀቱን ከፍ አድርገው ያዙና፣ «ይኼ ልጅ ዘበኛውንና ሥራ አስኪያጁን አንድ አልጋ ላይ ሊያስተኛቸው ነው» አሉ። አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ማሽኑ እስኪስተካከል ድረስ የቤት እደላው ተላለፈ፤ ከበረንዳው ጀርባ ወደ ቀሩት ቤቶች የሚያስገባው የግንብ አጥር በርም በእሳቸው ትእዛዝ ታሸገ። ሰውየው በማግስቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበ።

ማሽኑ ሳይስተካከል ዛገ። እደላውም እንደተላለፈ ቀረ። በኪራይ ቤት ያረጀ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ዕዳውን የጣለው በእሱ ላይ ነው። የወላጆቹ ስም ቀርቶ «ቁጥር አንድ» ተባለ። ቀብር ሲሄድ እንኳ፣ «ቁጥር አንድ መጥቷል፤ ጉድጓዱም ለሁላችን አንድ እንዳይሆን ተጠንቀቁ» ይሉ ነበር።

እሱ ግን ጥፋተኛውን ያውቃል። በዚያ ዘመን ፕሮግራም እንደ ዛሬው ስክሪን ላይ አይጻፍም። እያንዳንዱ ትእዛዝ በአንድ ካርድ ላይ ይበሳል፤ ካርዶቹም በተራ በተራ ተደርድረው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። አንዱ ከቦታው ከወጣ ማሽኑ ያብዳል። ከምረቃው በፊት ሣጥኑ ያደረው በካርድ ክፍሉ ኃላፊ እጅ ነበር። ይኼ ኃላፊ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁልጊዜ ከእሱ ቀጥሎ ሁለተኛ ይወጣ የነበረ ልጅ ነው። በዚያ ሐሙስ ቀድሞ የሣቀውም እሱ ነው። በዚያ ላይ ቤቱ ባዶውን እንዳይፈርስ ተብሎ ቤት ቁጥር አንድ የገባው እሱው ነው። እስካሁንም አልወጣም።

ሰውየው ግምጃ ቤት ሲወርድ ሣጥኑን ይዞ ወርዷል። የፕሮግራሙን ካርዶች ስንቴ አገላብጦ አይቷቸዋል፤ ሁሉም በየቦታቸው ናቸው። ይኼ ለእሱ የኃላፊውን ተንኮል ጥልቀት አሳየው፤ በውዞ ሲያበቃ መልሶ ደርድሯቸዋል ማለት ነው። ከኋላ ያሉትን፣ የሠራተኞቹና የቤቶቹ ዝርዝር የተበሳባቸውን የመረጃ ካርዶች ግን ነክቷቸው አያውቅም። የሙያው ወግ እንደዚያ ነበር፤ ፕሮግራም ጸሐፊ ያዛል፣ መረጃ የሌሎች ሥራ ነው።

ሚስቱ ተሰላችታለች። ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ሲዛወሩ መጀመሪያ የሚጫነው የካርዱ ሣጥን ነው፤ አልጋው ቦታ ከተረፈ ይጫናል። ገበታ ላይ ሁሌም ያው ወሬ ነው።

«ያገባሁት አንተን ነው፤ ያረጀሁት ግን ከካርድ ክፍል ኃላፊው ጋር ነው» ትለዋለች።

ዘንድሮ መሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያውን ኮምፒውተሩን ሊዘክር ተነሣ። አሮጌዎቹ ባለሙያዎች ትዝታቸውን እንዲያወጉ ተጠሩ። መድረኩ ላይ አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሽን አብሯቸው ይቀመጣል፤ ሣጥኑም ተወስዶ ካርዶቹ በሙሉ እንዲያነባቸው ተሰጡት። ሰውየው ይኼን ሲሰማ ሱፉን አስተኮሰ። ሳይሞት ስሙ በሰው ፊት ሊነጻለት ነው። ልጁ ገብቷታል መሰለኝ ክራቫቱን እያሰረችለት፣ «አባዬ፣ በሞቴ ትዝታህን ብቻ ተናግረህ ውረድ» አለችው።

በጉባኤው ቀን የክብር እንግዳው ከዘራቸውን ተደግፈው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ከኋላቸው ነበር። የመድረክ መሪዋ ሰውየውን አንድ አስደሳች ገጠመኝ እንዲያወጋቸው ጋበዘችው። ሰውየው ወደ ማሽኑ ዞረ።

«ካርዶቼን ማን በወዛቸው?»

«ማንም አልበወዛቸውም» አለ ማሽኑ በለሰለሰ ድምፅ። «ሁሉም በተራቸው ናቸው።»

ከኋላ አንዱ፣ «ቁጥር አንድ፣ በቃህ ውረድ!» አለ። አዳራሹ ልክ እንደዚያ ሐሙስ ሣቀ። ሚስቱ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ሰውየው ጠረጴዛውን ያዘ።

«እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው?»

«ፕሮግራሙም እንከን የለውም። እርስዎ የቤቶቹ ዝርዝር ካለቀ ከመጀመሪያው ጀምር ብለውት ነበር፤ እንደታዘዘው አድርጓል» አለ ማሽኑ። «መንደሩን ከሠራው ሥራ ተቋራጭ የመጣው የቤት ካርድ አንድ ብቻ ነው።»

ሣቁ መሐል ላይ ቆመ። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ያፈጠጠበትን የካርድ ክፍል ኃላፊ ተወው። ከመድረኩ ወርዶ ፊት ወንበር አጠገብ ቆመ።

«ክቡርነትዎ፣ እስቲ እርስዎ ይመልሱልኝ፤ የቀሩት ቤቶች የታሉ?»