በረግረጉ የተቀዳው ድምፅ

ጋሼ ጥዑመልሳን ስለ እንቁራሪቶች ጩኸት ያጠናሉ። እኔ ደግሞ ማታ ማታ በካርቱም ጀሪፍ ሰፈር፣ ወንዙ ዳር ካለው ረግረግ የጋሼን መቅረጸ ድምፅ እየጠበቅሁ አድራለሁ። ሥራው ዝም ብሎ መቀመጥ ስለሆነ ይስማማኛል።

ሐሙስ ሌሊት ከሸምበቆው ውስጥ አንድ ድምፅ «ምንዳዬ» ብሎ ጠራኝ። የወንድሜ የሚልዮን ድምፅ ነበር። ሚልዮን አምና በኸሪፍ፣ በዝናቡ ወቅት ወንዙ ሲሞላ፣ እዚያው ሰጥሞ ሞቷል። እናታችን በሌሊት ለሚጠራን ድምፅ አቤት እንዳንል አስተምራን ነበርና ዝም አልሁ። እስኪነጋ ድረስ ከመቅረጸ ድምፁ አጠገብ አልተነሣሁም።

ጠዋት ጋሼ ቅጂውን ከፈቱት።

«ያላ በል፣ ዝምተኛው፣ ምን ቀድተህልኛል?» አሉኝ።

እንቁራሪቶቹ ይጮሃሉ። ድንገት ጸጥ አሉ። ሚልዮን ጠራኝ። ወዲያው «አቤት» የሚል ድምፅ መለሰለት፤ የእኔ ድምፅ ነው።

ጋሼ ሣቁ። «ከማን ጋር ስታወራ ነበር አንተ?»

«አቤት አላልሁም፣ ጋሼ።»

ቅጂው ላይ የሁለት ሰው እግር ውሃውን እያንቦጫረቀ ወደ ወንዙ ራቀ። ጋሼ ሣቃቸውን ተዉ። እንቁራሪቶቹ እንደገና ጀመሩ። እስከ ንጋት ያለውን ሁሉ አዳመጥነው።

ከወንዙ ተመልሶ የመጣ ሰው የለም።