ለመጋዙ የተሠራ ሳጥን

ምስማሩ እንደገና ይጣመማል። ዓባይነህ በፒንሳ ይነቅለዋል፣ ድንጋይ ላይ ቀጥቅጦ ያቃናዋል፣ መልሶ ይመታዋል። ስልኩ ላይ ያየው ፈረንጅ እያፏጨ የሚጨርሰውን ሥራ እሱ ጣቱን ጭምር እየቀጠቀጠ ይገፋበታል።

ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ያስተምራል። ባለፈው ሰሞን ስለ ምርታማነት ሲያብራራ አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ እርስዎ ግን የሆነ ነገር አምርተው ያውቃሉ?» አለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ መጋዝ ገዛ።

የተከራየው ክፍል በረንዳ አሁን ወርክሾፕ ነው። ጠረጴዛ ለመሥራት አስቀድሞ የሚሠራበት ጠረጴዛ እንደሚያስፈልግ የገባው ጣውላው ከመጣ በኋላ ነው፤ ስለዚህ በመሣሪያ ሳጥን ጀመረ። በመጋዙ ልክ ለካው። ከዚያ አግዳሚ ወንበርም ይሁነኝ ብሎ አስረዘመው። አሁን ሰው ያስተኛል። ሙያው እስኪገባው ጎረቤት እንዳይስቅበት የግቢውን በር ከውስጥ ቀርቅሯል። ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ደመና እየተጫነ ስለሆነ ይቸኩላል፤ ሲቸኩል ደግሞ ይጣመማል።

«ወይኔ ጋሽ ፍሥሐ! ወይኔ የሰፈሩ ዋርካ!»

መዶሻው አየር ላይ ይቀራል። በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ሲያየው የነበረ ዓይን ይሰወራል። ጎረቤቲቱ አስቻለች ናት። ዓባይነህ ሳጥኑን ያያል፣ መዶሻውን ያያል። አከራዩ ጋሽ ፍሥሐ አልጋ ከያዙ ወር አልፏቸዋል። ባለቤታቸው እትዬ እታለም የቅዳሜ ገበያ ወጥተዋል። በዚህ ሰፈር በር ዘግቶ በጥድፊያ ምስማር የሚመታው ደግሞ ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

ወደ በሩ ይሮጣል።

«አንተ መምህር! መቀርቀሪያውን እንዳትነካ!» ጋሽ ፍሥሐ ናቸው፣ መስኮታቸውን ከፍተው።

«ጋሼ፣ ሞተዋል ብለው እኮ ነው!»

«ሰማሁ። አስቻለች ናት። ከልቧ አይደለም፣ ድምፅዋን እየሞከረች ነው።»

ስልካቸው ይጮኻል። «ማነው? እታለም... ኧረ የለም፣ ገና ነኝ። በርበሬሽን ገዝተሽ ነይ።» ይዘጉታል። ወር ሙሉ አመድ የመሰለው ፊታቸው ቀልቷል። «ገበያው ሁሉ ሰምቷል። በል ምታ!»

«ምን ልምታ? ሳጥኑ አለቀ እኮ!»

«ያለቀውን ምታ!»

ከበሩ ውጭ ሰው እየበዛ ነው። ቆርቆሮው ይደበደባል። ጋሽ ፍሥሐ ጆሯቸውን አቁመው ለቀስተኛውን አንድ በአንድ ይለያሉ። «ይሄ ዳርጌ ነው። እሱ ሰርግ ላይም እንዲሁ ነው የሚያለቅሰው። ያኛው ቦሼ... ድንኳኑን ይዞ መጣ እንዴ? ጎሽ። ቀዳዳውን ሰፍቶት ከሆነ።»

«ጋሼ፣ እግዚአብሔርን ይፍሩ! ልክፈትላቸው!»

«ደምሰው አልመጣም።»

ዓባይነህ ታሪኩን ከእትዬ እታለም ሰምቷል። ጋሽ ደምሰው የጋሽ ፍሥሐ ሚዜ ነበሩ። አንድ ቀን በእድር ስብሰባ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ሊናገሩ ሲነሡ ሰብሳቢው ጋሽ ፍሥሐ «ተቀመጥ!» አሏቸው። ጋሽ ደምሰውም «ከእንግዲህ አንተ ባለህበት አልቀመጥም» ብለው ወጡ። ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ ከገዘር በሚኒባስ ለገበያ ይመጣሉ፣ በዚሁ በር ያልፋሉ፣ ዞር ብለው አያዩም። ጋሽ ፍሥሐ ታመው እንኳ መጥተው አልጠየቋቸውም።

«ለቀብሬ እንደሚመጣ አውቃለሁ» ይላሉ ጋሽ ፍሥሐ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ያኔ ግን እኔ አላየውም። ምታ ልጄ።»

ዓባይነህ ይመታል። ምንም የማያያይዝ ምስማር ክዳኑ ላይ ይሰካል፣ ሌላም ይሰካል። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ነገ ጂንካ ስለ እሱ የምታወራውን እያሰበ ይመታል፤ ዛሬውኑ ገዘር ተሻግሮ ቢጠፋ ይመኛል፤ እጁ ግን አያርፍም።

ድንገት ልቅሶው ጋብ ይላል። ከዘራ ቆርቆሮውን ያንኳኳል።

«ክፈት! አንተ ፍሥሐ፣ ክፈት ብያለሁ!»

ሞተ የተባለን ሰው ተነሥተህ ክፈት የሚል ከጋሽ ደምሰው ሌላ ማን አለ? ዓባይነህ ወደ መስኮቱ ዞር ሲል መስኮቱ ባዶ ነው። ጋሽ ፍሥሐ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ወጥተዋል። ሊደግፋቸው ሲጠጋ በክርናቸው ይገፉታል። ሳጥኑ ላይ ዘፍ ይላሉ። ሳጥኑ ሲጢጥ ይላል።

«አሁን ክፈት።»

መቀርቀሪያው ይሳባል። አስቻለች ቀድማ ትገባለች፣ ታያለች፣ ትጮኻለች። ይሄኛው ከልቧ ነው። ዳርጌ ያማትባል። ከኋላ አንዱ ይስቃል፣ ወዲያው አፉን ይይዛል።

ጋሽ ደምሰው በሩ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀዋል። ጉንጫቸው እርጥብ ነው፤ ዝናቡ ግን ገና አልጀመረም።

«አንተ...» ከዘራቸው ወደ ላይ ይነሣል። «አንተ ባለጌ!»

ጋሽ ፍሥሐ አፋቸውን ይከፍታሉ። ግቢው ይጠብቃል። ቆሞ ለሚታይ እንግዳ የሚባለው ያው የእድሩ ዕለት ቃል ነው፤ ምላሳቸው ጫፍ ድረስ ይመጣል፣ ከንፈራቸውን ገጥመው ይውጡታል። ብርድ ልብሳቸውን ሰብስበው ቀስ ብለው ወደ ዳር ይሸሻሉ። አጠገባቸው የአንድ ሰው ቦታ ይተርፋል። ሰጋቱራውን በመዳፋቸው ይጠርጉላቸዋል።

ከዘራው ይወርዳል። ጋሽ ደምሰው አንድ እርምጃ ይራመዳሉ፣ ከዚያ ሌላ።

ዓባይነህ መዶሻውን እንደያዘ፣ ሁለት ሰው ይችሉ ይሆን እያለ፣ ዓይኑን ከእነዚያ ጎባጣ ምስማሮች ላይ መንቀል አቅቶታል።