የፌቨን ጆሮ

በዚያ ዘመን የሴቶች ትምህርት ቤት የገባች ልጅ፣ እስክትመረቅ የወንድ ድምፅ እንዳትሰማ ጆሮዋ ውስጥ ማጣሪያ ይቀበርላት ነበር። ከወንዶች ጋር ስትማር አንገቷን ደፍታ ትውል የነበረችው ፌቨን እዚያ ገብታ በሒሳብ ከአገር አንደኛ ወጣች።

አባቷ አቶ ጥላዬ «እሰይ የኔ ልጅ!» ቢሏትም ፌቨን ምሳዋን መብላቷን ቀጠለች።

«አባትሽ እሰይ እያሉሽ ነው» አለቻት እናቷ። «ታናሽሽም ነገ እዚያው ትመዝገብ ወይ ይሉሻል።»

«ትግባ። እዚያ እጇን ስታወጣ ማንም አይስቅባትም» አለች ፌቨን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ፣ የአባዬ ድምፅ ወፍራም ነበር እንዴ?» ስትል ጠየቀች።

አቶ ጥላዬ የምዝገባ ቅጽ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ታናሿ ሶልያና ግን ጉልበታቸው ላይ ወጥታ «አባዬ፣ ተረት ንገረኝ» አለች። የጦጣዋንና የአንበሳውን ተረት ሳይቸኩሉ እስከ መጨረሻው ነገሯት። ከዚያ የምዝገባውን ቅጽ ሳብ አድርገው ፈረሙ።