በሰዓት ሠላሳ ስምንት ሜትር ኪዩብ

ከተማው ውሃ ካጣ አምስተኛ ቀኑ ነው። የውሃ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ግን ሌባውን ካወቀ ሰንብቷል፤ የቀረው ማስረጃ ብቻ ነበር። ማስረጃውን እንዲያመጣ የታዘዘው ባልደረቦቹ «ዲጂታል» የሚሉት ባለሙያ ነው።

ዲጂታል ይህ ስም የወጣለት ለሦስት ቀን ሥልጠና ሄዶ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ ከተመለሰ ወዲህ ነው። ባጁን እስከ ዛሬ አላወለቀውም። የሠለጠነው በድምፅ ሞገድ በሚሠራ የውሃ ፍሰት መለኪያ ነው። ሁለት ሴንሰሮች ቧንቧው ላይ ከውጭ ይታሰራሉ፤ መቁረጥ፣ መፍታት የለም፤ በውስጡ ምን ያህል ውሃ እንደሚያልፍ በእጅ የሚያዝ ተርሚናል ላይ ይነበባል። ተርሚናሉን ከእሱ በቀር ማንም ንክች አያደርገውም።

«የፓምፕ ጣቢያው ሰውዬ ውሃውን ለቦቴ እየገለበጠ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ መኪና ውስጥ። «ከጣቢያው የሚወጣውን ለካልኝ። ከዚያ ወጥቶ ከተማ ካልደረሰ፣ አለቀ! ይባስ ብሎ በየቀኑ ደብዳቤ ይልክብኛል። ማን ይከፍትለታል?»

የፓምፕ ጣቢያው ኦፕሬተር በር ላይ ተቀበሏቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ከባለቤታቸው ጋር እዚያው ግቢ ባለች የድርጅቱ ቤት የሚኖሩ ሰው ናቸው። ሥራቸውን ካጡ ቤቷም አብራ ትሄዳለች። እንግዶቹን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ዓይኑን በጨው የታጠበ ሌባ፣ አለ ዲጂታል በልቡ።

ከበሩ እስከ ፓምፑ ክፍል ድረስ የከባድ መኪና ጎማ መሬቱን አርሶታል። ሥራ አስኪያጁ ዲጂታልን በክርኑ ጎሸም አደረገው። ዲጂታል በስልኩ ፎቶ አነሳ።

«እንኳን መጣችሁልኝ! ቁልፉ ይኸው፤ መጀመሪያ ክፍሉን ላሳያችሁና...»

«ክፍሉ ይቆይ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «የመጣነው ለቧንቧው ነው።»

ቧንቧው ፀሐይ መትቶት ያቃጥላል። ዲጂታል ተርሚናሉን ከፈተ። የይለፍ ቃሉን፣ የቧንቧውን ዲያሜትር፣ የግድግዳውን ውፍረት፣ ብረት መሆኑን አንድ በአንድ ሞላ። ሴንሰሮቹን ግሪስ ቀብቶ አሰረ።

ተርሚናሉ «ሲግናል የለም» አለ።

ግሪስ ጨመረ። ሲግናል የለም። ዝገቱን ፋቀ፤ ሴንሰሮቹን አቀራረበ፣ አራራቀ። ሲግናል የለም። ግቢው ጸጥ ከማለቱ የተነሳ የሥራ አስኪያጁ እግር መሬት ሲመታ ይሰማል።

«ልጄ፣ ቧንቧው እኮ...» አሉ ኦፕሬተሩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሥልጠና ይጠይቃል።»

ዲጂታልን ላብ አጠመቀው። ሥልጠናው ላይ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም። እዚያ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠው ሲነካኩ ቁጥሩ ወዲያው ከች ይል ነበር። አሠልጣኙ በመጀመሪያ ምን ይነካ እንደነበር ትዝ አለው። ወደ ሜኑው ተመለሰ፤ አራተኛው መስመር፤ «አዎ»።

38.4።

በስክሪኑ ጥግ «ዴሞ» የምትል አንዲት ቃል ብልጭ ድርግም ትላለች። ሥልጠናው ላይም ነበረችና ግድ አልሰጠውም። ሩብ ሰዓት ቆመው አዩት፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

«በሰዓት ሠላሳ ስምንት ነጥብ አራት ሜትር ኪዩብ» አለ ደረቱን ነፍቶ። «የመሣሪያ ጥራት ማለት ይሄ ነው!»

የኦፕሬተሩ ባለቤት ግሪስ የጠጣ እጁን ከጀሪካን እየቆጠቡ አስታጠቡት። የከተማውን ውሃ ጨርሰው እዚህ ደግሞ መቆጠብ! ተንኮላቸው ገረመው።

ሥራ አስኪያጁ ከተማ ወዳለው ማጠራቀሚያ ደወለ። «ስንት እየገባ ነው?... ጠብታ የለም? እርግጠኛ ነህ?» ስልኩን ሲዘጋ አንጀቱ ቅቤ ጠጥቷል። «ሠላሳ ስምንት ይወጣል፣ ዜሮ ይደርሳል። እጅ ከፍንጅ!»

«ጌታዬ፣ አንዴ ብቻ ይስሙኝ...»

«እርስዎን ስንሰማ ኖረናል። ዛሬ መሣሪያው ይናገር።»

የስንብት ደብዳቤው ቢሮ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት የመጣ ነው፤ ባዶ የተተወው የቁጥሩ ቦታ ብቻ ነበር። ዲጂታል በሚያምር ጽሕፈት ሞላው። ሥራ አስኪያጁ የመኪናው ኮፈን ላይ አስደግፎ ፈረመ። ቤቷን በሦስት ቀን እንዲያስረክቡም ነገራቸው። ሴትዮዋ ጀሪካኑን እንደያዙ ማልቀስ ጀመሩ። ዲጂታል ትንሽ ሆዱ ባባ፤ ቢሆንም መሣሪያ አይዋሽም ብሎ ተርሚናሉን ወደ ቦርሳው መለሰ።

«አሁን የሚሉት ካለዎት ይበሉ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ የመኪናውን በር ከፍቶ።

ኦፕሬተሩ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«የተቃጠለውን የፓምፕ ሞተር የጥገና ክፍላችሁ ነቅሎ ጭኖ ከወሰደው ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ መቼ ነው የምትመልሱልን ልል ነበር።»