የአስካለማርያም ጓንት

«አሁንም ላላ!» አለች ናፊሳ። «ጓንት ነው እኮ የምንሠራው፣ ወንፊት አይደለም።»

ነስሩ የያዘውን የሹራብ ሽቦ ወደ በሩ ብርሃን ቀና አድርጎ አየው። እውነቷን ነው። የክሩ ቀለበቶች አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ ጣት የሚያሳልፍም አለ። ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ሲለካና ሲቀድ የኖረ ነጋዴ፣ መዳፍ በማታህል ሥራ ላብ በላብ ሆኗል።

«እንፍታው በቃ» አለ።

«እንፈታዋለን። ደግሞ ከመጀመሪያው።»

ከሱቃቸው ባንኮኒ ኋላ ፍራሽ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተቀምጠዋል። እሷ በቀኝ እጇ አንዱን ሽቦ ይዛለች፤ እሱ በስተግራዋ ሆኖ ሌላውን ይዞላታል። የራሷ ግራ እጅ በመካከላቸው ትራስ ላይ ተዘርግቷል። በጥር ስትሮክ ግማሽ ጎኗን ከመታት ወዲህ ተንቀሳቅሶ አያውቅም። እግሯ ቀስ በቀስ ተመልሶላታል። ምላሷማ አንድ ቀንም አልተያዘ፤ ነስሩ ለዚህ አላህን ያመሰግናል፣ አንዳንዴም ያማርራል። የጅማው ሐኪም ለብቻው ጠርቶት «እጁ እስካሁን ካልነቃ እንግዲህ ተስፋ ባታደርጉ ነው የሚሻለው» ያለውን ግን አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችው።

ሐምሌ ሲገባ የቦንጋ ጭጋግ ከጫካው ተነስቶ እስከ ሱቁ ውስጥ ይዘልቃል። ናፊሳ ሙሽራ ሆና ከመጣች ወዲህ ለዘመድ ወዳጁ ጓንት ሳትሠራ ያለፈችው ክረምት የለም። አራቱን ጣት ባንድ ላይ የሚያቅፍ፣ አውራ ጣት ብቻ ጎጆ የወጣበት ጓንት ነው። ወንድሟ ሉቅማን በሺሺንዳ መንገድ የጭነት መኪናውን የሚነዳው እሱን አጥልቆ ነው። ጎረቤታቸው እትዬ አስካለማርያምም ፍልሰታ በመጣ ቁጥር በማለዳ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙት እሱን አጥልቀው ነው።

ባለፈው ሳምንት ናፊሳ በመስኮት ስትመለከት እትዬ አስካለማርያም የአምናውን አሮጌ ጓንት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ይጥፋሉ። ያኔ አለቀሰች። ጎኗን ሲመታት ያላለቀሰች ሴት በጓንት አለቀሰች። ነስሩ በማግስቱ ሽቦዎቹን ከሳጥን አወጣና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ግራ እጅሽ እኔ ልሁን» አላት።

«ነስሩ!» የሚል ድምፅ ከባንኮኒው ማዶ ተሰማ። ጋሽ ገሠሠ ናቸው፤ የባትሪ ድንጋይ ሊገዙ መጥተው ጃንጥላቸውን ያራግፋሉ። ነስሩ ሥራውን ከባንኮኒው ሥር ሊሸሽግ ሲጣደፍ ክሩ ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር ተጠላልፎ አጋለጠው።

«ወይ ጉድ! ሚሌኒየሙ ሳይገባ ስንቱን አየን!» አሉ ጋሽ ገሠሠ። «መቼ ነው የምትወልደው?»

«ለመስከረም ነው፣ ጋሽዬ» አለች ናፊሳ። «አያያዙን ሳየው ግን መንታ ሳይሆን አይቀርም።»

ጋሽ ገሠሠ ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ትራሱ ላይ የተዘረጋውን እጅ አዩና ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። ባትሪያቸውን ተቀብለው፣ «በርቱ ልጆቼ» ብለው ወጡ።

ሥራውን ፈትተው እንደገና ጀመሩ።

«ሽቦውንስ ደህና ይዘሃል» አለች ናፊሳ። «የክሩ ነገር ነው። በጣት ላይ ነው ማለፍ ያለበት። የኔ ጣት መቼ እንደሚያጠብቅ፣ መቼ እንደሚለቅ ያውቅ ነበር።»

«ነበር» ያለችው አንጀቱን በላው። የሱ ጣት ክሩን ወይ አንቆ ይይዘዋል፣ ወይ ጨርሶ ይለቀዋል። ዘዴ ቢያጣ ክሩን አነሳና ትራሱ ላይ በተኛው ሌባ ጣቷ ላይ አሳለፈው።

«ሚስማር አደረግከኝ?»

«ሚስማር ቢያንስ አይቆጣም» አላት። ሳቀች።

እሷ ትወጋለች፣ እሱ ሽቦውን ያስጠጋላታል፤ ቀዩ ክር በደነዘዘው ጣቷ ላይ እየተንሸራተተ ይመጣል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከጊዜ በኋላ ነስሩ ቀለበቶቹ ባንድ ልክ መደርደራቸውን አየና ደስ አለው። እጄ ሥራውን ለመደ ማለት ነው ብሎ በልቡ ኮራ።

«አሁን ገና ያዝክልኝ» አለች ናፊሳ ዓይኗን ከሽቦው ሳትነቅል። «እንደዚሁ ጠበቅ አድርገህ።»

ነስሩ ግን ክሩን አልነካም። ወለሉ ላይ ያለውን የክር ጥቅል የሆነ ነገር ይዞት ይሆናል ብሎ ጎንበስ አለ። የያዘው ነገር የለም። ከወለሉ እስከ ትራሱ ያለው ክር ልል ነው። ከትራሱ እስከ ሽቦው ያለው ግን ቀጥ ብሎ ተወጥሯል።

በመካከል የናፊሳ ሌባ ጣት አለ። ታጥፏል። ክሩን ወደ መዳፏ ሰብስቦ ይዞታል።

ነስሩ መተንፈስ ፈራ። ቢተነፍስ የሚጠፋ መሰለው።

«ሰማኸኝ? እንደዚሁ ያዘው አልኩህ።»

«እኔ አልያዝኩትም» አለ። ባዶ መዳፉን ዘርግቶ አሳያት።

ናፊሳ መጀመሪያ መዳፉን አየች። ከዚያ ክሩን በዓይኗ ተከትላ ከሽቦው ወረደች፣ ወረደች፣ ጣቷ ላይ ደረሰች።

«ሱብሃነላህ» አለች፣ የተኛ ሕፃን ላለመቀስቀስ በሚንሾካሾክ ድምፅ።

ሁለቱም አልተነቃነቁም። ትራሱ ላይ ጣቷ ቀስ ብሎ ላላ አለና ለአንድ ቀለበት የሚበቃ ክር ለቀቀላቸው።