ማን በላሽ?

የስንዱ ትኩሳት አልበርድ ሲል ጎረቤቶቿ ቤቱን ሞሉት። አንደኛዋ የሚጨስ ጨርቅ ከልጅቷ አፍንጫ ሥር አስጠግታ ጮኸችባት።

«ተናገሪ! ማን በላሽ?»

ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ «እማማ ወለቴ…» አለች።

«ይኸው! በራሷ አፍ ለፈለፈች!»

ወለቴ ባለፈው በጋ ከሩቅ አገር መጥታ ወንዙ ዳር ጎጆ የቀለሰች ሸክላ ሠሪ ናት። ስንዱ ጭቃ ላቡካ እያለች ወደዚያ ስትሮጥ ስንቴ ተገርፋለች። እናቷ ግን ወደዚያ ጎጆ ዞር ብላም አይታ አታውቅም። አሁን ሁሉም እሷን ያያሉ። ዝም ብትል፣ ለምን ዝም አለች ማለታቸው አይቀርም።

«እኔ ቀድሜ አላልኩም? ቡዳ ናት! ዛሬውኑ ከመንደራችን ትውጣ!» ብላ ከሁሉም ፊት ወጣች።

አሮጊቷ ሲመጡባት ያለቻትን ጥቂት ዕቃ በአቁማዳ አድርጋ ተሸከመች። ድንጋይ የጨበጡት ሰዎች እንዳትነካቸው ፈርተው መንገድ ለቀቁላት። ቤቷ ደጃፍ ላይ የቆመችው የስንዱ እናት ዘንድ ስትደርስ ግን ቆም አለች፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ውሃ በትንሽ በትንሹ ስጫት፣ ልጄ። በልጅነትሽ አንቺንም ትኩሳት ሲይዝሽ እንዲህ ‹እማዬ› እያልሽ ትጠሪኝ ነበር።»

አሮጊቷ አቀርቅራ ከመንደሩ ወጣች።

«ምን አለችሽ?» ብለው ሴቶቹ ከበቧት። «ረገመችሽ እንዴ?»

ከቤት ውስጥ የስንዱ ድምፅ አሁንም ይሰማል፤ ትጣራለች።

«አዎ» አለች እናትየው። «ረገመችኝ።»