ጣታቸው የዘገየባት ምት

አሥራ አንድ የሬጌ ድምፃውያን በአንድ የሙዚቃ ቅንብር ላይ የየራሳቸውን ዘፈን ቀርጸው ጨርሰዋል፤ ለአልበሙ የቀረችው ዶሬት ብቻ ነበረች። ቅንብሩ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ያኔ ቤዝ ጊታሩን የተጫወቱት አዛውንቱ ኤግበርት ናቸው። አሁን የኪንግስተን ወጣቶች እንደ አዲስ ሲጫወቱት፣ የአዛውንቱ ጣት የዘገየባትን አንዲት ምት እንኳ ሳያስቀሩ ቀድተዋታል።

«አርሙልኝ ልጆቼ፤ ስህተቴን ለዓለም አታሰሙብኝ» አሉ ኤግበርት፣ ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ።

ዶሬት ከመቅረጫ ክፍሉ መስታወት ወዲያ ሳቀች። «አርባ ዓመት ሙሉ በዚህች ነው ያፈሩት አባባ? እሷ ከታረመችማ እኔ አልዘፍንም!» ወደ ድምፅ ባለሙያው ዞራም «እስቲ እዚያች ቦታ ላይ የሁሉንም ዘፈን አሰማቸው» አለችው።

ባለሙያው አሥራ አንዱን ዘፈኖች በተራ ከፈተ። ምቷ በዘገየች ቁጥር ድምፃዊው አየር ሲስብ ተሰማ፤ ሁሉም የተነፈሱት እዚያችው ላይ ነበር።

ዶሬት መዝፈን ስትጀምር አዛውንቱ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ተከተሏት፤ ያች ቦታ ስትደርስም ጣታቸውን ከፍ አድርገው አቆዩላት፣ ትንፋሿን እስክትስብ ድረስ።